ግማሽ ሰልባትዮ

ጀልባ የሚባል ነገር መጀመሪያ ያየሁት ጣና ላይ አይደለም። ደብረ ታቦር ገበያ ዳር፣ የጭነት መኪና ላይ ተጭኖ ነው። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በሐሙሲትና በወረታ አድርጎ ያን ሁሉ አቀበት ሲወጣ ውሎ ከሰዓት በኋላ ቆመ፤ ሰዉም ሸቀጡን ትቶ ከበበው። ነጭ ነው፤ ወገቡ ላይ የደበዘዘ ቀይ መስመር ዞሮበታል፤ ውስጡ ደግሞ አይጥ የቀረጠፈው የስፖንጅ መቀመጫ አለ። ገብስ ሊሸጡ የመጡ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው አዩት አዩትና «ጋፋት ላይ መድፍ ከተሠራ ወዲህ እንዲህ ያለ ጉድ ወደ አገራችን አልመጣም። መድፉም ከወጣ አልተመለሰ» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ያኔ ቶሎ እስቅ ነበር፤ ቶሎም እቆጣ ነበር።

እኔ የቆርቆሮ ሠራተኛ ነኝ። ኩራዝ፣ ማንቆርቆሪያ፣ የጣራ አሸንዳ፣ የሙሽራ ልብስ ሳጥን እሠራለሁ። ዋና አላውቅም፤ ከወንዝ የጠለቀ ውሃ ውስጥም ገብቼ አላውቅም። አባቴ በቅሎ ጫኝ ነጋዴ ነበር። ከእብናት እህል፣ ከወዲያ ማዶ ጨው እየጫነ እድሜውን የጨረሰ ሰው ነው። ስለ ክብደትና ስለ ሚዛን የማውቀውን ሁሉ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ያስተማረኝም ለበቅሎ ነው።

ጀልባውን ወደ እኔ ያመጣው የባለቤቴ ወንድም ነበር። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ነው። ከመኪናው ጋቢና ቦታ እያለለት ጀልባው ውስጥ፣ ስፖንጁ ላይ እንደ ባላባት ተንፈላሶ ነው የመጣው። ገና ከሩቅ ሲያየኝ «ጋሼ፣ ባሕር አመጣሁልህ» አለኝ። እናትና አባታቸው ገና ሳያድጉ ስለሞቱ ያሳደገችው እህቱ ናት። ለአንድ ሻይ ቤት ከምንጭ ውሃ እየቀዳች፣ በእንስራ ጀርባዋን እየላጠች ነው ያሳደገችው። ስታገባኝ የጠየቀችኝ ነገር ቢኖር አንድ ነው፦ «ወንድሜን ከኔ እንዳትለየው»። አልለየሁትም። ከእኛ ጋር አደገ፣ መንጃ ፈቃድ አወጣ፣ ያን ዓመት ደግሞ መስከረም ሲጠባ ሊያገባ ልጅቱን አጭቶ ነበር።

ጀልባው አብዮቱ ሳይመጣ በፊት አንድ ባለጸጋ ቤተሰቡን ይዞ ሐይቁ ላይ የሚዝናናበት ነበር አሉ። ከተወረሰ በኋላ መጋዘን ጥግ ተጥሎ ስንት ክረምት አለፈበት። አሁን መሥሪያ ቤቱ አስታወሰው። ክረምት ሲገባ የፎገራን ሜዳ ውሃ ይውጠዋል፤ መኪና ዝር አይልም፤ የከብት ክትባት የሚሰጡት ሠራተኞች ሐይቁ ዳር ካሉት መንደሮች መድረስ አይችሉም። በጀልባ ይሂዱ ተባለ። ነጂው ማን ይሁን ሲባል የባለቤቴ ወንድም እጁን አወጣ። ሞተሩ ባሕር ዳር ተሠርቷል። የጎደለው ሾፌሮች ሰልባትዮ የሚሉት የነዳጅ መያዣው ብቻ ነበር። ዝጎ ወንፊት ሆኗል። «የእህቴ ባል ያልቀጠቀጠው ቆርቆሮ የለም፤ እሱ ይሠራዋል» ብሎ ለኃላፊው የነገረው እሱ ራሱ ነው።

አሮጌውን ሰልባትዮ ያወጣሁት ከጀልባው ሆድ፣ ከመሐል መቀመጫው ሥር ነው። ያን ጀልባ የሠራ ሰው እዚያ ቦታ ላይ ያስቀመጠው ያለ ነገር እንዳልሆነ ማሰብ ነበረብኝ። አላሰብኩም። ኃላፊው መጥቶ «መሐሉ ለክትባት ሳጥኖች ይለቀቅ፤ ነዳጁን ሌላ ቦታ ፈልግለት» ሲለኝ ደስ አለኝ እንጂ አልከፋኝም። ሥራው የእኔ ሆነ ማለት ነው።

አባቴ በቅሎ ሲጭን አንድ ሕግ ነበረው። ጭነት ወደ ትከሻዋ ይጠጋል፤ ወደ ወገቧ ከሸሸ እንስሳዋን ይሰብራታል። የጀልባውን አየሁት፤ ሞተሩ ከኋላ፣ ነጂው ከኋላ፣ ክብደቱ ሁሉ ወገቡ ላይ ነው። ስለዚህ ሰልባትዮው ወደ ፊት፣ አፍንጫው ውስጥ መግባት አለበት አልኩ። መሥሪያ ቤቱ ከሰጠኝ ሁለት ላሜራ ቆርጬ፣ እንደ አፍንጫው ቅርጽ ፊቱን አሹዬ፣ በጋለ ብረትና በእርሳስ ስፌቱን ዘጋሁት። አንዲት ጠብታ አያሳልፍም። አሁንም ቢሆን ስለዚያ ስፌት ማንም አያሳፍረኝም።

ቀጥሎ ሚዛኑን ልለካ ተነሣሁ። አባቴ ከመጫኑ በፊት በበቅሎዋ ግራና ቀኝ የሚጫኑትን ሁለት ዳውላ ተራ በተራ አንሥቶ ይመዝናል፤ አንዱ ከቀለለ ድንጋይ ይጨምርበታል። ጀልባ በእጅ አይነሣም። ስለዚህ የባሕር ዛፍ ግንድ ሱቄ ፊት ለፊት አጋድሜ፣ ሰው ሰብስቤ፣ ጀልባውን ወገቡ ላይ አስቀመጥኩት። ሞተሩ ባለበት፣ የባለቤቴ ወንድም በነጂው ቦታ ተቀምጦ፣ መሐሉ ላይ በሳጥኖቹ ፋንታ ጆንያ ድንጋይ፣ ሰልባትዮው እስካፉ ውሃ ተሞልቶ። አንድ ጊዜ ወዲህ፣ አንድ ጊዜ ወዲያ አለና ቆመ። ግንዱ ላይ እንደ ሳህን ተቀመጠ። ውሃ በሌለበት አገር፣ ከባሕር ይህን ያህል ከፍታ ላይ፣ ጀልባ በግንድ ላይ መዘንኩ። ያን ቀን የሚያክል ኩራት ኖሮኝ አያውቅም።

ባለቤቴ ምሳዬን ይዛ መጣች። ሰዉን ገፋ ገፋ አድርጋ ገባችና ጀልባውን ዞረችው።

«ይሄ ሁሉ ሰው ምን ያያል?»

«ሚዛኑን ነዋ። ንቅንቅ አይልም።»

አፍንጫው ላይ እጇን አሳረፈች። «ሰልባትዮው ሙሉ ነው?»

«እስካፉ።»

«እንዲያ ከሆነ ግማሹን አፍስሰውና አሳየኝ።»

«ለምን ሲባል?»

«ሙሉ እንስራ ሰው አይጥልም። ጎዶሎው ነው የሚጥል። ሙሉው ጀርባዬ ላይ ተኝቶ ይመጣል። ግማሹ የፈሰሰ ለታ ግን ቁልቁለት ላይ ወዲህና ወዲያ እየተላጋ ይገፋኛል። አፉ ላይ ቅጠል የምንከተው ለዚያ አይዶለም? እኔ ስንቴ ወድቄበታለሁ መሰለህ።»

የቆሙት ወንዶች ፈገግ አሉ። እኔ ደግሞ በሰው ፊት ማስተማሯ ከነከነኝና «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» አልኩ። ሳቁ። እሷ አልተቀየመችም። ተረቱን ከእኔ በፊት ብዙ ወንድ ብሏታል።

«ይለቅ ግዴለም። ብቻ ውስጡን ግድግዳ አድርግለት። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ግድግዳ፣ ነዳጁ ባንድ ላይ እንዳይሮጥ።»

ወንድሟ ከጀልባው ላይ ሆኖ «እትዬ፣ ለጀልባው እንዲህ አዘንሽ?» አላት።

«ለጀልባው አይዶለም» አለች።

እሺ አልኳት። እውነቴን ነበር። የተረፈውን ላሜራ ከበር ጀርባ አቆምኩት፤ ለሦስት ግድግዳ ይበቃል፣ ሥራው ግማሽ ቀን ነው።

በማግስቱ የባለቤቴ ወንድም ሱቅ መጣ። ለሙሽራዪቱ ሳጥን ያስፈልገዋል። ያኔ ላሜራ በገበያ አይገኝም፤ ቆርቆሮ የሚባል ሁሉ በመንግሥት እጅ ነው። ዓይኑ ከበሩ ጀርባ አረፈ።

«ጋሼ፣ ይሄስ?»

«እሱ ለግድግዳው ነው።»

«የትኛው ግድግዳ?»

«እትዬህ ያለችው።»

«ኧረ በአላህ ጋሼ፣ እንስራና ሞተር ምን አገናኛቸው?»

ሁለታችንም ሳቅን። ሰልባትዮው ታሽጓል፤ ልክተት ብል መልሼ መቅደድ፣ መልሼ መስፋት ሊኖርብኝ ነው። በሰው ፊት ግንድ ላይ አስቀምጬ ያሳየሁትን ሥራ፣ ሚስቱ ተናግራው አፈረሰው ከመባል ሌላው ሁሉ ይሻላል ብዬ ላሜራውን ቆረጥኩት። ሳጥን አደረግሁት። በአረንጓዴ ቀለም ቀብቼ፣ ክዳኑ ላይ ቀይና ቢጫ አበባ ሣልኩበት። ጥፋቱን በእሱ ላይ አልጥልም። እሱ ለማግባት የቸኮለ ልጅ ነው፤ ሠሪው እኔ ነኝ፤ «አይሆንም» ማለት የነበረብኝም እኔ ነኝ።

ማታ እራት ስታቀርብ ባለቤቴ «ግድግዳውን አስገባህለት?» አለችኝ።

«አስገባሁ» አልኳት።

ለምን እንደዋሸሁ ብዙ ዓመት አስቤበታለሁ። ትልቅ ምክንያት ባገኝለት ደስ ይለኝ ነበር። የለም። እንዳትጨቀጭቀኝ ነው።

ጀልባው ወደ ታች ወረደ። ዝናቡ ከያዘ በኋላ የባለቤቴ ወንድም በሁለት በሦስት ሳምንት አንድ ጊዜ ብቅ ይላል፣ ዓሣ በደንገል ቅጠል ጠቅልሎ። ለእህቱ የሐይቁን ነገር ሲያወራላት፣ እሷ ሥራዋን ትታ ትቀመጣለች። ከእነዚያ ቀኖች ባንዱ ዓሣውን እየበላን እንዲህ አለ።

«አፍንጫው ሽቅብ ይነሣብኛል። ፊት ለፊቴን አላይም። ሳጠማዝዘው ደግሞ ቤንዚኑ ዘሎ ወደ አንድ ጎን ይሄድና ጀልባው ያጋድላል። ቶሎም አይመለስ።»

«ሰልባትዮውን አትሞላውም?» አልኩት።

«በምን ልሙላው ጋሼ? በኩፖን ነው የሚሰፍሩልን። ከግማሽ አልፎ አይቼው አላውቅም።»

እኔ ሙሉ አድርጌ መዝኜዋለሁ። በዚያ ዘመን ደግሞ ሙሉ ሰልባትዮ ያየ ማን ነበር? የመሥሪያ ቤት መኪና ሁሉ ታች የተጠራቀመች ቤንዚን ይዞ ነው የሚሄደው፤ ሾፌሮቹ በየቀኑ ሱቄ በር ላይ ቆመው የሚያማርሩት ይህንኑ ነው። አውቀዋለሁ። ያገሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አንድም ጊዜ ከሥራዬ ጋር አላገናኘሁትም።

ባለቤቴ እጇን ከገበታው አነሣች። «ግድግዳ እያለው እንዴት ይዘላል?»

ወንድሟ ወደ እኔ አየ። ግድግዳው የት እንደሄደ ያውቃል፤ ሳጥኑ እዚያው ክፍል ጥግ ቁጭ ብሏል። እኔ ቀድሜ «ውሃ እኮ ነው፤ መንገድ አይዶለም። ጀልባ ሁሉ እንዲያ ነው» አልኩ። እሱም «አዎ እትዬ፣ ሁሉም እንዲያ ነው» አላት። እኔን ከእህቱ ፊት ለማዳን ዋሸላት። ውለታ ያደረገልኝ መስሎት ነው።

ሲሄድ እስከ በር ሸኘሁት። ያኔ «ሰልባትዮውን ፈትተህ አምጣልኝ፤ በግማሽ ቀን አስተካክለዋለሁ» ማለት ነበረብኝ። ያልኩት ሌላ ነው። አባቴ ጭነት ሲያጋድልበት የሚያደርገውን ነው የነገርኩት።

«ድንጋይ ጨምርበት። አፍንጫው ላይ፣ ከቀለለው በኩል።»

«እሺ ጋሼ» አለኝ።

መርዶው የመጣው ነሐሴ ውስጥ፣ በአንድ ካፊያ ጠዋት ነው። የመሥሪያ ቤቱ መኪና ሱቄ በር ቆመ፤ የወረዱት ሁለት ሰዎች ፊታቸውን ወደ እኔ አላዞሩም። ጀልባው ተገልብጧል። አብሮት የነበረው ክትባት ሰጪ የፎገራ ልጅ ነው፤ ዋና ያውቃል፤ የተገለበጠውን ጀልባ ይዞ ተንሳፍፎ ተረፈ። የባለቤቴ ወንድም የደብረ ታቦር ልጅ ነው። ዋና ከየት ያምጣ?

ወረድኩ። ከታንኳ ቀዛፊዎች ጋር ሆኜ ሦስት ቀን ፈለግን። እኔ ታንኳው ላይ ስወጣ መሐሉ ላይ አስቀመጡኝና «ጋሼ፣ ከዚህ አይነቃነቁ፤ ክብደት መሐል ነው የሚቀመጠው» አሉኝ። ከደንገል ጠፍረው የሠሩት ታንኳ ነው፤ ፊደል ያልቆጠሩ ሰዎች ናቸው። ሰምቼ አንገቴን ደፋሁ። በሦስተኛው ቀን ከደንገሉ መሐል አገኘነው። ወደ ደብረ ታቦር ለማውጣት ጊዜ አልነበረም፤ የወረታ ሙስሊሞች አጥበውልኝ፣ ከፍነውልኝ፣ እዚያው ቀበርነው። እህቱ ፊቱን አላየችም።

ለቅሶ ቤቱ የእኛ ቤት ነበር። ሼሁ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡና «በውሃ የሞተ ሸሂድ ነው፤ ልጃችሁ ደጉን ቦታ አግኝቷል፤ ሶብር አድርጉ፣ ቻሉት» አሉ። ሰው ሁሉ «አሚን» አለ። እኔም አልኩ። የእሱን ሸሂድነት፣ ሰማዕትነቱን፣ አምናለሁ፣ አልጠራጠርም። ለገዳዩ ምን እንደተጻፈለት ግን ሼሁን ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

ክትባት ሰጪው በለቅሶው በአራተኛው ቀን መጣ። ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎታል። ከሰዉ ፊት ተቀምጦ፣ ዓይኑን ምንጣፉ ላይ ተክሎ ነገረን።

«ከሰዓት ነፋስ ተነሣ። ወደ ዳር እንመለስ ተባባልንና አጠማዘዘው። ቤንዚኑ ከፊት ሲንቦጫቦጭ እሰማው ነበር፤ ሁልጊዜም እሰማው ነበር። ያን ለታ ባንድ ጎን ሄደና ቀረ። አፍንጫው ላይ ያኖርነው ድንጋይም አብሮ ተንከባለለ። ከዚያ ወዲያ ሰማዩን አላየሁም። እሱ አንድ ጊዜ ጠራኝ።»

«ማን ብሎ?» አለች ባለቤቴ። ለቅሶ ከተቀመጠች ጀምሮ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነው።

«በስሜ ነው እትዬ። ኋላ ግን እርስዎን ነው የጠራ።»

ሴቶቹ እሪ አሉ። ከወዲያ ጥግ አንድ ሰው፣ የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር ይመስለኛል፣ «ጥፋቱ የሰልባትዮው ነው እንግዲህ። ከፊት ተቀምጦ፣ ባዶ ሆድ ይዞ» አለ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ላለማየት ሲጠነቀቅ ይታወቃል።

ባለቤቴ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች።

«አይዶለም» አለች። «ውስጡ ግድግዳ አለው። እኔ ነኝ ያልኩት፤ እሱም አስገብቶለታል። እዚህ ቤት እራት ላይ ጠይቄው ነግሮኛል። የባሌን እጅ አውቀዋለሁ። የአላህ ቀን ነው እንጂ የሰው ጥፋት አይዶለም።»

ሾፌሩ «አፉ በሉኝ እትዬ» ብሎ ተነሣ። ስለ እኔ በሰው ፊት ስትመሰክር ዝም አልኩ። ምንጣፉ ላይ የተቀመጥኩበትን ቦታ አሁንም አሳይ ብባል አሳያለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ እንዴት እንዳለፍነው አላውቅም። ሙሽራዪቱን ወላጆቿ ከጥቂት ወራት በኋላ ለሌላ ሰጡ፤ አይፈረድባቸውም። ሳጥኑ እኛ ቤት ቀረ። ባለቤቴ የወንድሟን ልብስ አጥባ፣ አጣጥፋ እሱ ውስጥ አስቀመጠችው፤ ክዳኑን በጨርቅ ትወለውለዋለች። እኔ ስገባም ስወጣም አበባውን አያለሁ። ውሃ ቀድታ ስትመለስ በሩ ላይ እንስራውን አወርድላታለሁ፤ ድሮ አላደርገውም ነበር። ደግ የሆንኩ መስሏት «ኀዘን ሰውን ይለውጣል» ስትል ለጎረቤት ሰምቻታለሁ። ልነግራት ስንት ጊዜ አፌን ከፍቻለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ለእኔ እያደር የከበደኝ ነበር።

ሚያዝያ ላይ መሥሪያ ቤቱ ጀልባውን አስጠግኖ ለክረምቱ ሊያወርደው ተነሣ። ሰልባትዮውን ብቻ ፈትተው ሱቄ አመጡልኝ። «ጭቃ ገብቶበታል፤ ጠርገህ ጎኑን አቅናው፤ ሌላ ነገር የለበትም» አለኝ ኃላፊው። አዲሱ ነጂም አብሮ መጥቶ ነበር። ከእብናት የተዛወረ፣ የሁለት ልጆች አባት ነው። ሰልባትዮውን በእግሩ ጫፍ ነካ አደረገውና «ይሄ ነው?» አለ። «ይሄ ነው» አልኩት።

ሁለት ቀን ጆንያ ጥዬበት ከሱቁ ጀርባ አቆየሁት። በሦስተኛው ቀን ጭቃውን ለማውጣት ከላይ የክንድ ማስገቢያ ያህል ቀደድኩት። ያንን እየሠራሁ ነው ባለቤቴ ምሳ ይዛ በሩ ላይ የቆመች። ከወንድሟ ሞት ወዲህ ሱቅ መጥታ አታውቅም ነበር። መሥሪያ ቤቱ እንዳመጣው ሰው ነግሯት ኖሯል።

«እሱ ነው?» አለች።

«እሱ ነው።»

ሳህኑን አስቀመጠች። ከፊቱ ተንበረከከች። በእጇ ደባበሰችው፣ ልክ የሰው ጀርባ እንደሚደባበስ። ምን ልታደርግ እንደሆነ ገባኝ። ልከለክላት እችል ነበር፤ ጭቃ ነው፣ ስለት አለው፣ እጅሽን ይቆርጥሻል ማለት እችል ነበር። ያን ጊዜ ግን መዋሸት ደከመኝ።

እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን በቀዳዳው አስገባች። እስከ ክርኗ። መጀመሪያ ወደ ፊት፣ እስከ ሹል ጫፉ። ከዚያ ወደ ኋላ። ከዚያ በግራና በቀኝ፣ ቀስ እያለች፣ አንድም ቦታ ሳትዘል። አንዴ የጨረሰችውን መልሳ ደገመችው። ክንዷን ስታወጣ እስከ ክርኗ ጥቁር ጭቃ ነበር።

«ላሜራው የት ሄደ?» አለችኝ። ድምፅዋ ከፍ አላለም።

«ሳጥኑ» አልኳት።

ይቅርታ ልላት ፈለግሁ፤ ቃሉ ትንሽ መስሎ ታየኝና አፈርኩ። ተነሣች፤ ክንዷን በጆንያው ጠረገች፤ ሄደች። ምሳውን አልነካሁትም። ወደ ወላጆቿ ዘመዶች ትሄዳለች፣ ሽማግሌ ይመጣብኛል፣ ይገባኛልም ብዬ ተቀመጥኩ።

ብዙም ሳይቆይ ተመለሰች። ሳጥኑን በጀርባዋ፣ በእንስራ ማንገቻዋ አዝላዋለች። ሱቁ መሐል አወረደችው። ከፈተችው፤ ባዶ ነው። የወንድሟን ልብስ አልጋዋ ላይ ትታው መምጣቷን ማታ ስገባ ነው ያየሁት።

«ቁረጠው» አለችኝ።

«ይሄን?»

«ይሄን። ልኩን ታውቀው የለ። ያ ሰውዬ ልጆች አሉት አሉ።»

መቀሱን አነሣሁ። እሷ ክዳኑን ያዘችልኝ። ቀለም ያለበት ላሜራ ቤንዚን ውስጥ አይገባም፤ ቤንዚኑ ይልጠውና ሞተሩን ያንቀዋል። ስለዚህ አበባውን መፋቅ ነበረብኝ። እኔ በእርጥብ አሸዋ ስፍቅ እሷ ውሃ ታፈስልኛለች። ቀዩ ቀድሞ ለቀቀ፤ ቢጫው አስቸገረ። ሦስቱን ግድግዳ ቆርጬ፣ በምስማር በሳስቼ፣ የሰልባትዮውን ቅድ ሰፋ አድርጌ አስገብቼ፣ በእርሳስ አጣብቄ፣ ከላይ የቀደድኩትን መልሼ ስዘጋ ፀሐይዋ ገና ከጣራው በላይ ነበረች።

«ግማሽ ሙላው» አለችኝ።

ውሃ ግማሽ ሞላሁት። እሷ አንዱን ጫፍ፣ እኔ ሌላውን ይዘን አነሣነው፤ ልክ አባቴ ዳውላውን እንደሚያነሣ። ወደ እኔ አዘነበለችው፣ ከዚያ ወደ ራሷ፣ ከዚያ በግራ በቀኝ። ውሃው በቀዳዳዎቹ ሲንሿሿ ይሰማል፤ እጃችንን ግን አልገፋም። በየክፍሉ ረጋ ብሎ ተቀመጠ።

በእርጋታ መሬት ላይ አወረድነው። እሷ ግን ጫፉን አልለቀቀችም።

«ሥራው ይሄን ያህል ብቻ ነበር?» አለችኝ።

«ግማሽ ቀን ነው» አልኳት።